በሁለት ስልኮች ፊት የተወዛወዘ እርሳስ

ሐሙስ ማርች 3 ቀን 2022፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጥልፍ ሠሪዋ ኔሊዳ በአሱንሲዮን ከተማ ገበያ ወዳለው የወንድሟ የኤልፒዲዮ ስልክ መጠገኛ ገባች። አዲሱ ስልኳ ዓይኗን ያቃጥላት፣ ራሷን ይፈልጣት ነበር። የጥልፍ ንድፍ የምታየው በእሱ ስለሆነ ሥራዋን ልትተው ምንም አልቀራትም።

«ሐኪሞች ጋ ሄጄ መነጽር ብቀይርም አልተሻለኝም። አረጀሁ መሰለኝ።»

«ማርጀቱንስ አርጅተሻል፣ እታለም! ጥፋቱ ግን የዓይንሽ አይደለም።»

አንድ አሮጌ ስልክ አውጥቶ የሁለቱንም ብርሃን ዝቅ አደረገና በየተራ በፊታቸው እርሳስ አወዛወዘ። በአሮጌው ፊት የእርሳሱ ጥላ እንደ ጭስ ተቀላቀለ፤ በአዲሱ ፊት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተነጣጠለ።

«አየሽ? የይኼኛው ብርሃን ሳይታወቅሽ ይርገበገባል፤ ዓይንሽን የሚያቃጥለው እሱ ነው። አሮጌውን ውሰጂ።»

ሐኪሞች ያላገኙትን በእርሳስ ሲያገኘው ኔሊዳ ተደንቃ አሮጌውን ስልክ ይዛ ወደ ጥልፏ ተመለሰች።

በዓመቱ ኤልፒዲዮ ሲሞት፣ እንደ አገራቸው ልማድ በመቃብሩ መስቀል ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ፣ ንድፉን በዚያው አሮጌ ስልክ እያየች፣ የጠለፈችው እሷ ናት።