አንበሳ እጅ የለውም

ልጄ አማል በማግስቱ ማለዳ ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ መሄድ ነበረባት። አውቶቡሱ ላይ ቦታ ይዘንላታል፣ ስንቋም ተዘጋጅቷል። የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የስድስት ዓመቱ ልጇ አኑዋር የቶቧን ጫፍ እንዲለቅ ማድረግ።

ልጅ እናቱ ላይ መለጠፉ ምን ይገርማል የሚል አይጠፋም። እኔም ልጆች አሳድጌአለሁ፤ መለጠፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአኑዋር ግን ሌላ ነው። ከካርቱም ከመጡ ጀምሮ እናቱ ከራሷ እስከ እግሯ የምትጠቀለልበትን የዚያን ረጅም ጨርቅ ጫፍ እጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚውለው። ስትቀመጥ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ግን እቅፏ ውስጥ አይገባም። ጀርባውን ይሰጣትና ፊቱን ወደ ግቢው በር ያዞራል። ሽንት ቤት ስትገባ ከበሩ ውጭ ይቆማል። ማታ እሷ ሳትተኛ አይተኛም፤ እሷ ከተኛችም በኋላ ቢሆን እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለኝም፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። አይስቅም፣ አያለቅስም፣ አይጫወትም። ስናናግረው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እኔ ኩርፊያ ነው ብዬ ነበር።

«አንተ ወንድ አይደለህ እንዴ?» እለዋለሁ በየቀኑ። «ወንድ ልጅ የእናቱን ቀሚስ ይዞ ይዞራል?»

ቀና ብሎ ያየኛል። ጨርቁን ይብስ ያጠብቀዋል።

አማል ለምን እንደምትሄድ ልንገራችሁ። ባሏ ሙዳሲር ጦርነቱ ሰፈራቸው ሲደርስ ሚስቱንና ልጁን በጭነት መኪና ወደኛ ላከና እሱ ሱቁን ልጠብቅ ብሎ ቀረ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ሞቷል ብለን በሆዳችን ስናለቅስ ከርመን፣ በቅርቡ አንድ የማናውቀው ሰው ከወድ መደኒ ደወለ። ሙዳሲር ታስሮ ተፈትቷል፤ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል፤ ውኃ እንኳ የሚያቀብለው ሰው የለውም አለን። የምትመጣው ሚስቱ ከሆነች ሕፃን ይዛ እንዳትመጣ፣ እዚህ ተላላፊ በሽታ ገብቷል ሲልም አስጠነቀቀን። አማል ቁርጧን ነገረችን። «ልጁን እየጮኸ ከላዬ ላይ የምትነጥሉት ከሆነ አልሄድም፤ አንድ ጊዜ ከአባቱ ነጥለነዋል፣ ይበቃዋል» አለች። እንግዲህ ልጁ ካልለቀቀ እሷ አትሄድም፤ እሷ ካልሄደች ሙዳሲር ብቻውን ነው።

እኔ ደግሞ ጭንቀት ሲኖርብኝ ቀርቶ በደኅናው ቀንም መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ሱቄ ውስጥ ደንበኛ አንዲት ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ እኔ ወጥቼ፣ ገብቼ፣ ደግሜ እወጣለሁ። ሚስቴ ራሒማ «ካገባሁህ ጀምሮ ወንበርህ አላረጀም» ትለኛለች። አሁንማ ባሰብኝ። ለልጁ መኪና ገዛሁለት፤ ዞር ብሎ አላየውም። ኳስ ገዛሁለት፤ የጎረቤት ልጆች ወስደው ጠፉ፣ እሱም አልጠየቀ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የፕላስቲክ ሽጉጥ ገዛሁ። አዎ፣ ከጦርነት ለመጣ ልጅ ሽጉጥ! አማል ከእጄ ነጥቃ ከአጥር ውጭ ወረወረችው፤ ራሒማም አኮረፈችኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለኔ ነው።

የመጨረሻው ቀን ከዝሁር ሶላት በኋላ ራሒማ ኩርፊያዋን ትታ ጠራችኝ።

«የሚታቀፍ ነገር ግዛለት» አለችኝ። «ለስላሳ ነገር። የጨርቅ አሻንጉሊት።»

«ለወንድ ልጅ?»

«ለሕፃን ልጅ።»

«ስድስት ዓመቱ እኮ ነው! እኔ በሱ ዕድሜ መተማ ላይ ካባቴ ጋር ገበያ እውል ነበር።»

«ዛሬም በእንቅልፍህ እናትህን ትጠራለህ» አለችኝ። «በጨለማ የሚያቅፈው ነገር ካገኘ የሷን ጨርቅ ይለቅ ይሆናል።»

ጫማዬን አጠለቅኩ።

ሦስት ሆነን ወጣን፤ ልጁ ከእናቱ ስለማይለይ አማልም መምጣት ነበረባት። ገበያው በክረምቱ ጭቃ ቦክቷል። ወደ ባሱንዳና ፋሽጋ እርሻዎች ለአረም የሚሄዱ ሠራተኞች መኪና ላይ ተጭነው ይጯጯሃሉ፤ በምሥራቅ በኩል ዳመናው ጠቁሯል። ዝናቡ ከወረደ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። እኔ ከፊት ከፊት እሮጣለሁ፣ ዘወር ስል እነሱ የሉም፣ ተመልሼ እጠራቸዋለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ። አማል «አባ፣ በአላህ ቀስ በል» ትለኛለች። እንዴት ቀስ እላለሁ? ነገ እኮ ነው!

መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ባለቤቱ እንደኛ ከኢትዮጵያ የመጣ ሳይሆን የአገሩ ሰው፣ ሱዳናዊ ነው። አሻንጉሊት አሳየኝ ስለው «ለልጅቷ ነው?» አለኝ። ልጃችን ከፊቱ ቆሟል። «አዎ፣ ለልጅቷ ነው» አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደዋሸሁ አላውቅም። ሰውዬው ባለ ወርቅማ ፀጉር የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ደረደረልን።

አኑዋር እጁን ሲዘረጋ ሳየው ደነገጥኩ። ከመጣ ጀምሮ ወደ ምንም ነገር እጁን ሲዘረጋ አላየሁትም። አንዷን አነሳና ባንኮኒው ላይ በጀርባዋ አስተኛት። ዓይኗ ተከደነ። መልሶ አቆማት፤ ዓይኗ ተገለጠ። እንደገና አስተኛት፤ ተከደነ። ወደ ቦታዋ መለሳትና ሌላዋን አነሳ። እሷንም አስተኛት። እሷም ዓይኗን ከደነች። መለሳት።

«ይህቺ ምን አላት?» አልኩት። «ቆንጆ አይደለችም?»

«ትተኛለች» አለኝ።

«ታዲያ አሻንጉሊት ሁሉ ይተኛል! አንተም እንደሷ ብትተኛ ምን ነበረበት?»

ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄድን፤ እዚያም ያነሳል፣ ያስተኛል፣ ይመልሳል። የሚያውቁኝ ነጋዴዎች ቆመው ያዩናል። አንዱ «ጀማሉ፣ ምን እየፈለጋችሁ ነው?» ሲለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነጋዴ ሆኜ ስንት ነጭናጫ ደንበኛ አሳልፌአለሁ፤ እንደዚህ ልጅ የሚያማርጥ ግን አልገጠመኝም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ አንዱን በግድ አሸክሜው ልሄድ ነበር። አማል በዓይኗ ለመነችኝ። ተውኩ።

ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ጫፍ፣ ጃንጥላ ሥር መብርሂት ተቀምጣለች። ከትግራይ ተሰድዳ ካምፕ የቆየች ሴት ናት፤ ሰፊዎቹ የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ሰብስባ አሻንጉሊት እየሰፋች ገመድ ላይ ታንጠለጥላለች። ዝሆን አለ፣ ግመል አለ፣ አንበሳ አለ፣ ሰው አለ። አንበሳውን ሳይ ደስ አለኝ። ለስላሳ ነው፣ ይታቀፋል፤ የወንድ ነገርም ነው! ከገመዱ ላይ አወረድኩና አኑዋር ደረት ላይ ለጠፍኩት።

አንበሳውን ተቀብሎ መብርሂት ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አየ። የመብርሂት አሻንጉሊቶች ዓይናቸው የአሮጌ ኮት ቁልፍ ነው፤ ቢያስተኟቸውም ቢያቆሟቸውም ያፈጣሉ። ልጁ ብዙ አየው። በቃ፣ አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ ስል መልሶ ሰጠኝ።

«አሁንስ ምን ሆነ?» ድምፄ ከፍ አለ።

«አንበሳ እጅ የለውም» አለኝ።

«አንበሳ እጅ ምን ያደርግለታል? እሱ ጥርስ አለው፣ ጥፍር አለው…»

«አቦይ ጀማሉ» አለች መብርሂት እየሳቀች፣ «ይተዉት እንጂ። ልጁ ራሱ ይምረጥ።»

እሱም መረጠ። ከአሮጌ ሱሪ የተሰፋ፣ እግሩ የተንሻፈፈ፣ እጁ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ የሰው አሻንጉሊት ነበር። አፉ አንድ ቀይ ክር ነው። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር በገዳሪፍ ገበያ አይቼ አላውቅም። አኑዋር አስተኛው፤ ቁልፎቹ አፈጠጡ። እጁን ይዞ ጎተተው። ጠንከር አድርጎ ጎተተው። አልተበጠሰም።

«ይሄ» አለ።

መብርሂት ስፌቱን በድርብ ክር እንደሰፋችው ነገረችው። እሱም እንደ ትልቅ ሰው ራሱን ነቀነቀላት። ዝናቡ ሲጀምር እየሮጥን ወደ ቤት ገባን፤ እኔም ልቤ ትንሽ አረፈ።

ያረፈው ግን እስከ እራት ብቻ ነው። ልጁ አሻንጉሊቱን አላቀፈውም! ግድግዳ አስደግፎ፣ ፊቱን እንደራሱ ወደ በሩ አዙሮ አስቀመጠው። የቶቡ ጫፍ አሁንም እጁ አንጓ ላይ ነው።

«ይኸው!» አልኳት ራሒማን። «ይታቀፋል ያልሽው ይኸው! አሁን እንቅልፍ የሌላቸው ሁለት ሆኑልን!»

«ዝም በል» አለችኝ። እሷም ግን ፊቷ ጠቁሮ ነበር። አማል የጠቀለለችውን ጓዝ እያየች ተቀመጠች። ትፈታዋለች ብዬ ፈራሁ።

ጠዋት ሱብሂን ሰግደን ወደ አውቶቡሱ መቆሚያ ሄድን። አኑዋር አሻንጉሊቱን በብብቱ ይዞታል። እኔ በልቤ ተዘጋጅቻለሁ፤ ልጁ መጮህ ከጀመረ አፍሼው እሮጣለሁ፣ አማል ትርገመኝ፣ ሙዳሲር ግን ሰው ያገኛል።

አማል ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እሱም አብሮ ገብቶ አጠገቧ ቆመ፤ እኔ ከኋላው ሆንኩ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። አማል አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ እንባ ሞልቷል። «አባ፣ አልችልም፣ ልውረድ» አለችኝ።

ያን ጊዜ አኑዋር እጁ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ መፍታት ጀመረ።

ማንም አላዘዘውም። ቀስ ብሎ ፈታው። ከዚያ አሻንጉሊቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠና የቶቡን ጫፍ በዚያ ረጅም የጨርቅ እጅ ላይ አሰረው። ቋጠረው፣ ደግሞ ቋጠረው፣ ጎተት አድርጎ ሞከረው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረለት።

«ማማ» አላት፣ ዓረብኛና አማርኛ እየቀላቀለ። «ማ ቢኑም። አይተኛም። እኔ መምጣት አልችልም፣ በሽታ አለ። እሱ ይጠብቅሻል። ባባ ጋ ስትደርሺ፣ አኑዋር አልተኛም በይው።»

አማል ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ባባ ‹አንተ ወንድ ነህ፣ እናትህን አደራ› ብሎኛል» አለኝ ወደኔ ዞሮ፣ እንዳልገባኝ አይቶ። «ጭነት መኪናው ጋ፣ ሲሸኘን።»

እናትህን አደራ! ሁላችንም እኮ የምንለው ነው። አባት ወደ ገላባት ለንግድ ሲወጣ እንኳ የልጁን ራስ ዳሰስ አድርጎ «ወንዱ አንተ ነህ፣ እናትህን አደራ» ይላል። እኔም ወንዶች ልጆቼን ብያቸዋለሁ፤ እነሱ ገና ከበር ሳልወጣ ረስተውት ወደ ጨዋታቸው ሮጡ። ይሄኛው አልረሳም። ይህን ሁሉ ጊዜ እናቱ ላይ ተለጥፎ ሳይሆን ዘብ ቆሞ ነበር። እኔ ደግሞ በየቀኑ «አንተ ወንድ አይደለህ?» እያልኩ አደራውን እንደገና አሸክመው ነበር።

አማል ሳመችው፣ ጨመቀችው፣ ለቀቀችው። ወረድን። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮቱ የኮት ቁልፎቹ አፍጥጠው ይታያሉ። አኑዋር አላለቀሰም። አውቶቡሱ ከመንገዱ እስኪታጠፍ በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ እጄን ያዘ። አንጓው ላይ ጨርቁ የሠራው ምልክት ነበር።

«ጅዱ» አለኝ፣ «አሁን ልተኛ?»

አያት ሆኜ ከልጅ ልጄ እንዲህ ያለ ፈቃድ ስጠየቅ ምን ልበል? አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግኩት።

«ተኛ የኔ ልጅ» አልኩት። «አሁን ተራው የኔ ነው።»

«ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

ሱቄ ሳልደርስ እንቅልፍ ወሰደው። በአንድ እጄ በሩን ከፍቼ ያቺ ያላረጀች ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ደንበኛ መጣ፣ በእጄ ምልክት መለስኩት። ክንዴ ደነዘዘ፤ ዝንብ አፍንጫዬ ላይ አረፈች፤ የዝሁር አዛን ተሰማ። ልጁ አፉን ከፍቶ፣ ምራቁ ሸሚዜ ላይ እየፈሰሰ ተኝቷል። ራሒማ ሲጨንቃት ልትፈልገን መጣች። ተቀምጬ ስታየኝ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

እኔ አልተንቀሳቀስኩም።