ራስ ላይ የማይደገም ድግምት

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሲቀላ በሚባል የክፍለ ሀገር ከተማ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ የሦስተኛዋ ክፍል ተከራይ ዕዝራ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሌላ የሠራው ነገር አልነበረም።

በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። ጠዋት ፎልደሩን በብብቱ ይዞ ይወጣል፤ አከራዩ እትዬ እጅጋየሁ ገበያ ወዳለው ሱቃቸው ሲሄዱ ተመልሶ ይገባና በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። የጎን ክፍል ጎረቤቱ ፀደይ እንኳ የምር ሠራተኛ ናት፤ በየጠዋቱ የባንክ ሸሚዟን ለብሳ ትወጣለች። በር ላይ ሲገጣጠሙ፣

"ሥራ እንዴት ነው?"

"ውጥረት ነው ባክህ" ተባብለው ይለያያሉ።

ቀን ቀን ዕዝራ ጠንቋይ ነው፤ በስልኩ ጨዋታ ውስጥ። እትዬ እጅጋየሁ አንድ እሑድ ስልኩን አይተው አማትበው ነበር።

"ድግምት ነው እንዴ ይሄ?"

"ጨዋታ ነው እትዬ። ይቺ ሰማያዊ መስመር ኃይሌ ናት። በደገምኩ ቁጥር ትጎድላለች፤ እስክትሞላ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።"

"ስትቆስልስ?"

"የፈውስና የጋሻ ድግምት ራስ ላይ አይሠራም። ሌላ ሰው ነው የሚደግምልኝ።"

"ጠንቋይ ሆነህም ሰው ልትለምን? ምኑን ጠንቋይ ሆንከው!"

ለዕዝራ የምትደግምለት ጭልፊት የምትባል ተጫዋች ናት። አራት ወር ሙሉ ተጻጽፈዋል እንጂ ድምጿን ሰምቶ አያውቅም። እሱ አዲስ አበባ፣ አሥረኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ እንደሚሠራ ነግሯታል። እሷም ሐዋሳ፣ ቢሮ እንደምትሠራ ነግራዋለች። ቀኑን ሙሉ "አለህ?" የሚለው ሰው ከእሷ ሌላ የለውም።

በዚያ ማክሰኞ፣ የጨዋታውን ዘንዶ ሊገጥሙ ሲደርሱ ጻፈችለት፦ "እየተዋጋሁ መጻፍ አልቻልኩም። ማይክ ክፈት። ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

ጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ከፈተ።

"ጋሻ ደግሜልሃለሁ፤ ግባ" አለች፣ በሹክሹክታ።

"እሺ" አለ እሱም በሹክሹክታ። "ቢሮ ስለሆንኩ ነው።"

"እኔም።"

ዘንዶው ግማሽ ጉልበቱን እንደጨረሰ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። የግቢው በር ተበርግዶ የእትዬ እጅጋየሁ ድምፅ ገባ፤ ዝናቡ ከሱቅ አሯሩጧቸዋል።

"ልብስ ያሰጣችሁ! ኧረ ሰው የለም?"

ዕዝራ በበሩ በኩል ሰማው። ከአፍታ በኋላ በጆሮ ማዳመጫው ደግሞ ሰማው፦ "ልብስ ያሰጣችሁ! ኧረ ሰው የለም?"

ጭልፊት ማይኳን ዘጋች። ዘንዶው እሳቱን ተፋ፤ ጋሻ የደገመለት አልነበረም።

ቁልፉን ፈትቶ ወጣ። የጎረቤቱም በር ተከፍቷል። ፀደይ በፒጃማ፣ ማዳመጫዋ አንገቷ ላይ፣ ደጃፏ ላይ ቆማለች። ተያዩ።

እትዬ እጅጋየሁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ ከገመዱ ላይ የባንኩን ሸሚዝ አውርደው ለፀደይ ሰጧት።