«ቤት አለው» ተብሎ የተጻፈበት ሰው

የጣሪያው ነገር ባይመጣ ኖሮ ማንም ወደ መዝገብ ቤት አይሄድም ነበር። ቆርቆሮው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እናትና ልጅ አልጋ ከግድግዳ ግድግዳ ሲገፉ ይውላሉ። ልጅ ሲባል የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እናቷ ዘንድ ተመልሳ የገባች። ጣሪያውን ልታስቀይር ስትነሳ ማዘጋጃ ቤት «ያለ ፈቃድ አይነካም» አላት። ፈቃድ ስትጠይቅ ደግሞ «መጀመሪያ የቤቱ ፋይል ይውጣ» ተባለች። ፋይል የሚወጣው ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ካለው መዝገብ ቤት ነው።

የምድር ቤቱን ሠራተኛ ከተማው «ነገ ይምጡ» ብሎ ነው የሚጠራው። እውነተኛ ስሙን ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ ያለም አይመስልም። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ወገቡን የሚያመው፣ መነጽሩን በክር አስሮ ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው ነው።

አጣቢዋ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ ገብታ ስምንት ሰዓት ትወጣና፣ እጇ ገና ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ወደዚያ ትወርዳለች። መጀመሪያ ቀን በአባቷ ስም ተፈለገ፤ የለም። ሁለተኛ ቀን በእናቷ ስም ተፈለገ፤ የለም። በሦስተኛው የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው እረፍት ወጥቷል ተባለች። በአራተኛው መብራት ጠፋ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት። በአምስተኛው ቀን ደረጃውን ወርዳ ከበሩ አጠገብ ከተከመረው የፋይል ክምር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«እመቤት፣ እሱ እኮ መቀመጫ አይደለም» አላት ነገ ይምጡ።

«አውቃለሁ።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ።»

«ዝጋብኝ። ነገ ተመልሼ ደረጃ ከምወርድ እዚሁ ባድር ይሻለኛል። ፋይሉ ከጠፋ እኔን አቧራ አልብሰህ በቦታው አስቀምጠኝ።»

ሰውየው ሳያስበው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ደግሞ እንደ ማፈር አለና መነጽሩን አደረገ። «እስካሁን በሰው ስም ነው የፈለግነው» አለ። «በቤት ቁጥር ብንሞክርስ?»

«ይኼ መጀመሪያ ቀን አይቻልም ነበር?»

«ይቻል ነበር። ግን መዝገቡ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ወገቤ ደግሞ…»

አጣቢዋ ነገሩን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። መሰላሉን አስደግፋ ራሷ ወጣች። እርጥብ አንሶላ ሲያነሣ የኖረ ክንድ ነውና ያን የሚያህል መዝገብ በአንድ እጇ ይዛው ወረደች።

ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት። የእነሱ ሰፈር፣ የእነሱ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ ጓሮው ላይም አንዲት ትንሽ ክፍል። የባለቤቱ ስም ግን የአባቷ አልነበረም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በኪራይ ክፍል የሚኖረው የሽማግሌው አናጢ ስም ነበር።

አጣቢዋ ክው አለች። አናጢውን ታውቀዋለች። ድሮ ተከራይቶ የሚኖር የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበር፤ አባቷ ከሞተ በኋላ ነው ሰፈሩን የለቀቀው። እናቷ መንገድ ላይ ካየችው ወደ ማዶ ትሻገር ነበር። ልጅ ሆና «ምን አድርጎሽ ነው?» ብላ ስትጠይቃት «ዝም በይ፣ የተኛ ነገር አይቀሰቀስም» ነበር መልሷ። ለካ ታውቅ ኖሯል! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከነካሁት ያስወጣኛል ብላ እንደምትፈራ ተከራይ፣ በገዛ ቤቷ ትንፋሿን ውጣ ኖራለች።

«ሌባ!» አለች አጣቢዋ።

ነገ ይምጡ ግን ጣቱን ከገጹ ላይ አላነሣም። «ቆይ፣ አይቸኩሉ» አለና እየተንፏቀቀ ሄዶ የነዋሪዎችን መዝገብ አመጣ። የአናጢውን ቅጽ አወጣ። ሦስት ጊዜ የቤት መሥሪያ ቦታ ጠይቋል። ሦስቴም በቀይ እስክሪብቶ «ቤት አለው፤ ውድቅ» ተብሎ ተጽፎበታል። የመኖሪያ አድራሻው ላይ ደግሞ «ተከራይ» ይላል።

«እዚህ ምድር ቤት ሠላሳ ዓመት ተቀምጬ ብዙ ሌባ አይቻለሁ» አለ ነገ ይምጡ መነጽሩን እያወለቀ። «ሁሉም የሰረቀው ቤት ውስጥ ይገባል፣ ወይ ይሸጠዋል፣ ወይ ያከራየዋል። ቤት ሰርቆ ሰው ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሌባ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ሂጂና ጠይቂው።» «እርስዎ» ማለቱ የት እንደገባ እንጃ።

አጣቢዋ የገጹን ግልባጭ ይዛ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። አናጢው በሩ ላይ ተቀምጦ መጋዝ ሲሞርድ አገኘችው። ቀና ብሎ ሲያያት፣ እጇ ላይ ያለውን ግልባጭ ሲያይ፣ ሞረዱን አስቀመጠ።

«ደረስሽበት?» አላት።

«ደረስኩበት አባባ። አሁን ይንገሩኝ።»

«ምን የሚነገር አለው… አባትሽ ሳንባውን ታሞ ሌላ ከተማ ሲተኛ እናትሽ አስታማሚ ሆና ሄደች። አንቺን አክስትሽ ወሰደችሽ። በዚያ መሐል መዝጋቢዎች መጡ። ባለቤቱ ያልቀረበ ቤት ለማዘጋጃ ቤት ይገባል ተባለ። እኔ የአጥራችሁን በር ልጠግን ቆሜያለሁ። ‹የማነው?› አሉ። ‹የኔ ነው› አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ምን ይጎዳኛል ብዬ።»

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«ሲመለስ ነገርኩት። ‹ሲሻለኝ ሄደን እናዛውረዋለን፣ እስከዚያ በሆድህ ይቀመጥ፣ እሷን አታስደንግጣት› አለኝ። አልተሻለውም።»

«ለእናቴስ ለምን አልነገሯትም?»

«ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት ስለ ቤት ላዋያት? ትንሽ ትጽናና ስል ወሬኛ ቀደመኝ። ደጇ ብሄድ በሩን ዘጋችብኝ። ሌባ የተባለ ሰው ምኑን ያስረዳል? ማዘጋጃ ቤት ብሄድ ‹ተቀባይዋ ራሷ ትቅረብ› አሉኝ። ሁለቴ ሞከርኩ። ከዚያ በቃ… ደከመኝ።»

«‹ዋሽቼ ነው፣ ቤቱ የኔ አይደለም› ቢሏቸው ኖሮ እኮ ቦታ ያገኙ ነበር!»

አናጢው ገረመው። «ታዲያ እናንተን ያስወጧችኋላ» አለ፣ ሁለትና ሁለት አራት ነው እንደሚል ሰው።

አጣቢዋ ማልቀስ አማራት፤ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችውና ለልቅሶውም አቅም አጣች። እጁን ስማ ሄደች።

ለእናቷ የነገረቻት በማግስቱ ነው። አሮጊቷ ሁለት ቀን እህል በአፏ ሳይዞር ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ «ጫማዬን አምጪልኝ» አለች። ከግቢ ከወጣች ዓመት ያለፋት ሴት፣ በልጇ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ፣ አሥር እርምጃ ስትሄድ አንዴ እያረፈች ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ደረሰች።

አናጢው ሲያያት ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ሌባ ስልህ ነው የኖርኩት» አለች አሮጊቷ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት።»

«አዎ። ረጅም ነው።»

«ታዲያ ግቢ እንኳ አትለኝም?»

«ግቢ እንጂ። ወንበር ግን ያለኝ አንድ ነው።»

«አናጢ አይደለህ እንዴ?»

«ለማን ልሥራው?» አለ አናጢው።

አሮጊቷ ይኼን ስትሰማ ነው እንባዋ የመጣው። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። አናጢው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። «ይቅር በለኝ» ስትለው «ተይ እባክሽ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለ፤ ነገር ግን ድምፁ እንዳለፈ ነገር አልነበረም።

ስም የማዛወሩ ነገር አምስት ሳምንት ፈጀ። ሁለት ምስክር፣ ሦስት ፎቶግራፍ፣ አራት ማኅተም። የመጨረሻው ቀን ሦስቱም ምድር ቤት ወርደው ፈረሙ፤ የጣሪያውም ፈቃድ በዚያው ተያይዞ ወጣ። ነገ ይምጡ ከአናጢው ቅጽ ላይ «ቤት አለው» የሚለውን በማስመሪያ ሰርዞ ፊርማውን አኖረበት።

«እንግዲህ አሁን ቤት የለኝም ማለት ነው?» አለ አናጢው።

«በሕግ ፊት ቤት አልባ ነዎት።»

«ተመስገን!»

ነገ ይምጡ ሳቀና የቦታ መጠየቂያ ቅጽ አቀበለው። «ይሙሉት፤ መብትዎ ነው። ወረፋው አሥራ አራት ዓመት ይፈጃል እንጂ።»

«አሥራ አራት ዓመት? እሱስ ለቤቴ ቀርቶ ለሬሳ ሣጥኔም ይዘገያል» አለና ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወጥተው ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አዛውንቶች አንድ እርምጃ መሄድ አቃታቸው። ተቀመጡ። ልጅቷም ከአጠገባቸው ተቀመጠች፤ ባለጉዳዩ በጎናቸው ይወጣል ይወርዳል። አሮጊቷ ማንንም ሳታይ «የጓሮዋ ክፍል ባዶዋን ነች» አለች።

አናጢው ጉልበቱን እያሻሸ «በሯ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው?» ብሎ ጠየቀ።

«ወደ ውስጥ።»

«እሱ ስህተት ነው። ዝናብ ያስገባል።»

«እንግዲያው ና አስተካክለዋ።»

«እስቲ» አለ አናጢው። «መጀመሪያ እዚችው ትንፋሽ እንሰብስብ።»