ፊቱ የዞረው ባሌስትራ

ባሌስትራው የተሰበረው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሹፌሩ ንብረት በጭነት መኪናው ኑግ ጭኖ ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲመለስ ነበር። መጀመሪያ የሰማው ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ነው። ከዚያ መኪናዋ በቀኝ ጉልበቷ እንደተንበረከከች ላም አጎነበሰች። ወርዶ ሲያይ፣ የፊት ቀኝ ጎማውን የሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች ረጅሙን ጨምሮ ለሁለት ተቆርጠዋል። ጭነቱን መንገድ ዳር ለዘበኛ ሰጥቶ፣ በተሰበረው ቦታ የግራር ጉማጅ ወትፎ፣ በሰው እግር እርምጃ እየነዳ ወረታ ዳር ካለው የእናቱ ግቢ አደረሳት።

ታላቅ ወንድሙ ማረው ከእርሻ ገብቶ በሬዎቹን ሲፈታ ነበር። መኪናዋን ለመግዛት ሁለቱም ከብት ሸጠዋል፤ ማረው የሸጠው ግን የሚወደውን ቀኝ በሬውን ነው። ስለዚህ በመኪናዋ ላይ የሚናገረው አያጣም።

«ጎንደር ላክና መካኒኩን አስመጣው» አለ።

«የጎንደሩን ጋራዥ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አያ ማረው። ለፍሬን ብዬ በጾም መግቢያ ሰጠኋቸው፤ የመለሱልኝ ፋሲካ ካለፈ ነው። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። ፍሬኑም እንደ ድሮው ነበር።»

«አንተ ራስህ ለእሑድ ታደርሳታለህ?»

«ባሌስትራ እኮ ነው፤ ሞተር አይደለም። ያረጀውን ፈትቶ ሌላውን ማሰር ነው።»

እሑድ የጣራ ገዳም ንግሥ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ስለት አለባቸው። ንብረት ከቤት ወጥቶ ከአንድ የጣሊያን ሹፌር ጋር ረዳት ሆኖ በዞረባቸው ዓመታት፣ ልጃቸው በሰላም ተመልሶ የራሱን መኪና ከያዘ፣ በዚያው በልጃቸው መኪና ገዳሙ ደጅ ድረስ ሄደው ጃንጥላ ሊያገቡ ተስለዋል። ልጁ ተመለሰ፤ መኪናዋም መጣች። ጃንጥላው ተገዝቶ፣ ክሩ ሳይፈታ፣ ከአልጋቸው ራስጌ ተሰቅሏል። ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ጉልበታቸው ከግቢው በር አያሳልፋቸውም። ንብረት እናቱን ባየ ቁጥር የሚመጣውን ዓመት ይደርሱበት ይሆን እያለ ይፈራ ነበር። እሑድ ካመለጠ ያመለጠ መሰለው።

ማክሰኞ ሐሙሲት ሄደ። እዚያ ከአንድ ነጋዴ ቤት ጓሮ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች፣ የሱን መኪና የመሰለች የአሮጌ መኪና አጽም ነበረች። የአገሩ ቀጥቃጮች ማረሻና ማጭድ ሊያደርጓቸው ባሌስትራዎቿን አንድ በአንድ ወስደዋቸዋል፤ የፊት ቀኙ ብቻ የዶሮ ቤት ተደግፎበት ተርፏል። ንብረት ነጋዴውን ለምኖ፣ ዶሮ ቤቱን አፍርሶ፣ መልሶ ሠርቶ፣ ባሌስትራውን በአህያ አስጭኖ መጣ።

ረቡዕ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ቡሎኖቹን የያዙት ዳዶዎች በዝገትና በፎገራ ጭቃ ተጣብቀው ከብረቱ ጋር አንድ አካል ሆነዋል። ላምባ አፈሰሰባቸው፤ ጠበቀ፤ መፍቻውን ሰክቶ ተንጠለጠለበት። መፍቻው አመለጠና የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተላጠ። እንደገና ሰካ፤ እንደገና አመለጠ። ደረሰ የሚባለው ጎረቤታቸው አጥር ላይ ተደግፎ ያይ ነበር።

«ንብረት፣ የምትሰበረው አንተ ነህ ወይስ እሷ? ልወቀውና ቃሬዛ ላምጣ!»

«ቃሬዛውን ተወውና ና እግሯን ያዝልኝ።»

«እግር አላት እንዴ? እኔ ጎማ መስሎኝ!»

ሲመሽ አንዲት ዳዶ ብቻ ተፈታች።

ሐሙስ የወሩ ሚካኤል ነው። ንብረት ጎህ ሲቀድ መፍቻውን ይዞ ወጣ፤ ማረውና ደረሰ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ግቢው ውስጥ ቆሙና ንክች አናደርግም አሉ።

«እርሻ አይደለም እኮ!» አለ ንብረት ከሥር ሆኖ።

«ላብ ያወጣል?» አለ ማረው።

«ያወጣል።»

«እንግዲያው እርሻ ነው።»

በዚህ መካከል የደብሩ ቄስ አባ ገብረ ኪዳን መቋሚያቸውን ይዘው ሲያልፉ ገባ አሉ። ንብረት በዘይት እንደተለወሰ እየዳኸ ወጥቶ መስቀል ተሳለመ።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ምን አጠፋህ?»

«እኔንስ ይተዉኝ፤ እነዚህን ዳዶዎች ይፍቱልኝ።»

ደረሰ ሳቁን በነጠላው ከደነ። አባ ገብረ ኪዳን ግን አልሳቁም፤ የተጠየቁትን ሁሉ ከልባቸው የሚያስቡ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ሥር አዩ።

«ሥራው መፍታት ነው ወይስ ማሰር?»

«መጀመሪያ መፍታት፤ ከዚያ ማሰር።»

ጥቂት አሰቡ። «መፍታቱስ ይሁን። የታሰረ በሬም በሰንበት ተፈትቶ ውኃ ይጠጣል። ማሰሩ ግን ለነገ ይደር።»

ማረውና ደረሰ ነጠላቸውን አውልቀው ገቡ። ሦስት ሆነው በላምባና በመዶሻ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ፈቱ። የተሰበረው ባሌስትራ መሬት ላይ ወደቀ። ንብረት የቀረችውን ብርሃን አየ። አዲሱን ለማስገባት ትበቃ ነበር።

«አንድ ጊዜ ብቻ ያዙልኝና እናስገባው።»

«ለነገ ይደር ተብሏል» አለ ማረው፣ እጁን እየታጠበ።

ንብረት ጥርሱን ነከሰ። መኪናዋ ፊቷን ወደ ቤቱ አዙራ ነው የቆመችው። አሮጌውንና አዲሱን ባሌስትራ ጎን ለጎን፣ በሚገጠሙበት አኳኋን፣ የፊት ጫፋቸውን ወደ ቤቱ አድርጎ አጋደማቸው። ብረቶቹን የሚያቅፈው ቡሎን በትክክል መካከላቸው ላይ እንዳልሆነ፣ ለዓይን ቶሎ በማይታይ ልክ ወደ ፊት እንደሚያደላ ያውቃል። ለማንም አልተናገረም። ብረት ማን ይነካል ብሎ ገብቶ ተኛ። ማረው ውጭ ቀርቶ፣ እንደ ልማዱ፣ የእርሻ ዕቃውን ለማደሪያው ያሰናዳ ነበር። አባታቸው ማረሻ ሹሉ ወደ ቤት ዞሮ ካደረ ቤቱን ያርሰዋል ይሉ ስለነበር፣ ሁልጊዜ ወደ ደጅ አዙሮ ነው የሚያሳድረው።

ዓርብ አዲሱን ሰቀሉ። ሁለቱ ጫፎች ገቡ፤ የመካከሉ ቡሎን ግን ከጎማው ዘንግ ቀዳዳ ጋር አልገናኝ አለ። ንብረት ዘንጉ ሲፈታ የተንሸራተተ መሰለው። በክሪክ ገፋ፤ እምቢ አለ። በመዶሻ መታ፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ ማረው አሮጌ ሞፈር አምጥቶ ከዘንጉ ፊት ሻጠና፣ ደረሰንም ጨምረው ተንጠልጥለውበት፣ ዘንጉ እያቃሰተ ወደ ኋላ ሄዶ ቀዳዳው ላይ ተቀመጠ። ንብረት ዳዶዎቹን ሲያጠብቅ የሳምንቱን ንዴት ሁሉ አጠበቀባቸው።

«ይኸው» አለ ወጥቶ። «ለዚህ ነው ጎንደር የምትለኝ?»

ማረው ፈገግ አለ።

ቅዳሜ፣ በንግሡ ዋዜማ፣ ጧት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤልን ደግፈው ከፊት አስቀመጧቸው። ጃንጥላውን እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። አባ ገብረ ኪዳን ከጎናቸው ገቡ፤ ማረው፣ ደረሰና የሰፈሩ ሰው ከላይ ተሳፈሩ። እልልታ ተሰማ። መኪናዋ ከግቢው ወጥታ መንገዱን እንደያዘች ግን መሪው የንብረትን እጅ ወደ ቀኝ ይጎትት ጀመር።

«ወደ ማሳው ልትወስደን ነው እንዴ?» አለ ደረሰ ከላይ። «ቀኝ በሬ ተሽጦ የተገዛች ናት፤ ቀኝ ቀኙን ትላለች!»

ሰው ሳቀ። ንብረት አልሳቀም። በሁለት እጁ መሪውን ወደ ግራ እየታገለ ጥቂት እንደሄደ ጎማ የተቃጠለ ሽታ መጣ። የርብ ድልድይ ፊት ለፊት ታየ። ጠባብ ነው፤ በዚህ መሪ ሰው ጭኖ አይገባበትም። ዳር ያዘና አቆመ።

ወርዶ አየ። ቀኝ ጎማው ወደ ኋላ ሸሽቶ ከጭቃ መከላከያው ቆርቆሮ ጋር እየተፋተገ፣ ጎማውም እየተላጨ ነበር። ንብረት ተንበርክኮ ባሌስትራውን በስንዝር ለካ። ከቡሎኑ እስከ ፊቱ ጫፍ ያለው ከኋላው በለጠ። መብለጥ የነበረበት የኋላው ነው።

«ተገልብጧል» አለ። «ፊቱ ወደ ኋላ ሆኗል። እኔ አስተካክዬ ነው ያስቀመጥኩት። ማን ነካው?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ማረው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐሙስ ማታ… ሹሉ ወደ ቤት ዞሮ ነበር። አዞርኩት። ሁለቱንም።»

«ባሌስትራ ሹል አለው እንዴ!»

«ብረት ነው ብዬ ነዋ። አባታችን—»

«አባታችን መኪና ነበረው?»

ንብረት መፍቻውን ወደ ወንዙ ሊወረውር አነሣና፣ ሌላ መፍቻ እንደሌለው ትዝ ብሎት መልሶ አወረደ።

ከኋላ የመጣች የነጋዴ መኪና ቆመች። ሰዉ እየተሳቀቀ አንድ አንድ እያለ ወደ እሷ ተዛወረ። አባ ገብረ ኪዳን ቅዳሴ ስላለባቸው መሄድ ነበረባቸው።

«ወለተ ሚካኤል፣ ነይ በዚች እንሂድ።»

«በልጄ መኪና ብያለሁ፣ አባ።»

«ቃሉን እኔ እፈታልሻለሁ።»

«ይኼንስ አይፍቱብኝ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል። ጃንጥላውን ይበልጥ አጥብቀው አቀፉት።

የነጋዴው መኪና ሄደች። ወንዙ ዳር ሦስቱ ቀሩ። እናቲቱ ከአንድ ሾላ ሥር፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከመኪናዋ ሥር። ንብረት በንዴት ያጠበቃቸውን ዳዶዎች አሁን በንዴት መፍታት ነበረበት። ሁለቱ እስኪመሽ ለፉ። ባሌስትራው ሲወርድ ፀሐይ ጠለቀች፤ እሑድም ገባ።

እዚያው አድረው፣ ጧት ንብረት ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ተጣራ። «አያ ማረው፣ ና ያዝልኝ። አሁን ካሰርነው ታቦቱ ሳይገባ እንደርሳለን።»

«ሰንበት ነው። ንግሥም ነው። ማሰር አልተፈቀደም።»

«ያዞርከው አንተ!»

«ያዞርኩትስ እኔ ነኝ። በዚያ ላይ ሌላ ኃጢአት ልጨምር?»

ንብረት ብቻውን ሞከረ። ባሌስትራው ለአንድ ሰው የሚነሣ አልነበረም። ጫፉን ሲያነሣ ወገቡ ይወርዳል፤ ወገቡን ሲያነሣ ጫፉ ያመልጣል። ወደ ንግሡ የሚሄዱ መኪናዎች እየዘፈኑ ያልፋሉ። ከአንዱ ላይ አንድ ጎረምሳ፣ «ወንድሜ፣ ጎንደር ጋራዥ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ድልድዩን ተሻግሮ ሄደ። ባሌስትራው ለመጨረሻ ጊዜ ደረቱ ላይ ሲወድቅ ንብረት አልገፋውም። እንደ ተኛ ፊቱን በዘይታም ክንዱ ሸፈነ።

ዘግይቶ ወጣና ወደ ሾላው ሄደ። ፀሐይዋ በቅጠሉ መካከል የእናቱን ፊት ታቃጥላለች።

«እምዬ፣ ጃንጥላውን እንኳ ዘርጊው።»

«የታቦቱ ነው፤ የእኔ አይደለም።»

ንብረት አጠገባቸው ተንበረከከ። «ይቅር በይኝ። ንግሡ አመለጠሽ። ስለትሽን አስቀረሁብሽ።»

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ገርሟቸው አዩት። «ማን ንግሥ አለህ?»

«ስለትሽ…»

«በልጄ መኪና ደጅህ እመጣለሁ ነው ያልኩት። ቀን አልቆረጥኩም። ነገም ደጁ እዚያው ነው።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስቃጠል ለምን ዝም አልሽ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? መኪና ሲሠራ እንዲያ የሚሆን መስሎኝ።»

ማረው ከወዲያ ሆኖ ሰምቶ ኖሮ፣ «እንዲያማ ከሆነ ጎንደር—» ሲል ጀመረ።

«እንዳትጨርሳት!» አለ ንብረት።

ተመልሶ ባሌስትራውን ጎትቶ ከመኪናዋ ሥር አወጣ። በፊተኛው ጫፍ ላይ በሹል ድንጋይ፣ ዕውር እንኳ ዳስሶ እንዲያገኘው፣ መስቀል አድርጎ ፋቀበት። ከዚያ በሚገጠምበት አኳኋን ከጎማው አጠገብ አጋደመውና፣ ወንድሙን በጣቱ አስጠንቅቆ፣ ሊታጠብ ወደ ርብ ወረደ።

ማረው ብረቱን አየ። ጫፉ የተቀሰረው በቀጥታ ወደ ሾላው፣ ወደ እናቱ ነበር። ዓይኑን አዞረ፤ መልሶ አየ። እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ወትፎ ተቀመጠባቸው። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የልጃቸውን ዓይን ተከትለው ብረቱን አዩት። ጃንጥላቸውን እንዳቀፉ ግንዱን ይዘው በግድ ተነሡና፣ የብረቱ ጫፍ ከማይጠቁምበት ከሾላው ወዲያኛው ጎን፣ ፀሐዩ ላይ ሄደው ተቀመጡ።