ቪቤ ኪሱ የከተታት ቁራጭ

ቪቤን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ሰው ሁሉ "ተይው እንግዲህ" ይለኛል፤ አንጀቴ ግን አልራሰም።

ሌዋርደን ከተማ ባለው ትምህርት ቤታችን ፐዝል የሚባለው የተቆራረጠ ስዕል የሚገጣጠምበት ክፍል የእኔ ነው። ሆድ የባሳቸውን ልጆች ወደኔ ይልኳቸዋል። "ምን ሆነህ ነው፣ ምን ሆነሽ ነው" ብዬ አላደርቃቸውም፤ እጃቸው ቁራጭ ሲፈልግ አፋቸው በራሱ ጊዜ ይፈታል። የቪቤ ልጅ ፌና ስምንት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከቤት ከወጣ ወዲህ ከሰው አታወራም፤ ንባቧም ሒሳቧም ወደ ኋላ ቀርቷል። አምስት መቶ ቁራጭ ያለው የመርከብ ስዕል ሰጠኋት። በሦስተኛው ሳምንት "ቲቸር፣ ሰማዩን ለኔ ተይልኝ፣ አንቺ ትቀላቅይብኛለሽ" አለችኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ።

በወላጆች ቀን ቪቤ መጥቶ አጠገቧ ሲገጣጥም ዋለ። ሲወጣ አንዲት ቁራጭ ኪሱ ከተተ። እኛ ጋ የቆየ ቀልድ ነው፤ የመጨረሻዋን ራሱ መግጠም ያማረው አንዷን ይደብቃል።

"አንተ ሌባ" አለችው ፌና እየሳቀች።

"ያለኔማ አትጨርሷትም። መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ጥሩኝ፣ መጥቼ እገጥማታለሁ።"

ፌና ጨረሰች። የመርከቡ ጭስ ማውጫ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀረ። ስደውልለት "የፊታችን ረቡዕ" አለኝ። ረቡዕ አለፈ። ደግሜ ደወልኩ፤ "በሚቀጥለው" አለ። እሷ በየረቡዑ ፀጉሯን አበጥራ ትመጣለች። ጽዳት የሚሠራው ሰውዬ ጠረጴዛውን ላንሳ ቢለኝ ተቆጣሁት። "ይመጣል የኔ ቆንጆ፣ እኔ አውቃለሁ" እላታለሁ። ምኑን አውቄ።

መጀመሪያ ከደወልኩለት በስድስተኛው ሳምንት በስሟ ፖስታ መጣ። ውስጡ ቁራጯ አለች። እኔ ሞኟ ሠርግ እንደተጠራ ሰው አጨበጨብኩ።

"ይኸው ላከልሽ። በይ ግጠሚያት።"

ፌና ፖስታውን ገልብጣ አራገፈችው። ሌላ ምንም የለውም።

"አይመጣም ማለት ነው" አለች።

"ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል።"

"ሊመጣ ቢሆን ለምን ይልካታል?"

ቁራጯን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"አንቺ ግጠሚያት። ይመጣል ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። አሁንም ኮሪደር ላይ እንገናኛለን። "ደህና ዋይ ቲቸር" ትለኛለች በትሕትና፤ ክፍሌ ግን ድርሽ አትልም። እኔ ቪቤን እረግማለሁ፤ ለሷ ግን እሱም እኔም ያው ነን።