የማንግ ፑሎንግ ሁለት እምቢታዎች

ሰው ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ብሎ፣ በሦስተኛው አልቅሰውበት «እሺ» ቢል፣ ጥፋቱ የማን ነው? የእሱ ነው ወይስ የአልቃሿ? ወይስ አልቃሿን ከነእንባዋ የላኳት ሰዎች? ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። ቄሱን ጠየቅኳቸው፤ እንጸልይ አሉኝ። ለድሃ የምትቆመዋን የመንግሥት ጠበቃ ጠየቅኳት፤ እንደ ማስረጃው ነው አለችኝ። የልጅ ልጄን አርሊንን ግን መጠየቅ ፈራሁ። መልሱ እሷ ዘንድ እንዳለ ልቤ ሳያውቀው አልቀረም።

አርሊንን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ሆንግ ኮንግ የሰው ልጅ ስታሳድግ የእሷን ልጅ እኔ አሳደግኩላት። እዚህ ማኒላ ዳር፣ ማላቦን፣ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ውሃው ደጃፋችን ድረስ ይመጣል፤ አይጥ የሸናበት፣ ስንቱ የተደፋበት ውሃ ነው። የልጅቷን እግር እንዳይነካት እያልኩ አዝያት እየተሻገርኩ ነው ትምህርት ቤት ያደረስኳት። ጉልበቴ ዛሬ ቢንቋቋ ከዚያ የመጣ ነው፤ አልቆጭም። ኮሌጅ ጨርሳ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስትቀጠር ለሰፈሩ ሁሉ ተናገርኩ። የጣቢያውን ባጅ በራችን አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች፤ ያለ እሱ ዘበኛው በሩን አይከፍትላትምና ሳትይዘው ወጥታ አታውቅም። እኔም ቤት ስጠርግ ባጁን በቀሚሴ ጫፍ እወለውለው ነበር።

የምትሠራው በዚያ በቅዳሜ ማታው ፕሮግራም ላይ ነው። ፖሊስና ጋዜጠኛ አንድ ላይ ሆነው አጭበርባሪውን በድብቅ ካሜራ ይይዙታል። እሷ ካሜራ ፊት አትቆምም። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደሚገኝ አጥንታ የምትነግራቸው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ሴቶች ልጆችን ለባዕድ የሚሸጥ ሰው ሲያዝ አይቼ ከወንበሬ ተነስቼ አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም። ፕሮግራሙ ጥሩ ነገር አልሠራም አልልም። ግን ሁልጊዜ የልጆች ሻጭ ከየት ይምጣ? ቅዳሜ ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ማንግ ፑሎንግ ከእኛ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ ኖሮ፣ ሐኪሙ ሲሞቱ መሣሪያውን ይዞ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ፈቃድ አለው? የለውም። ይህንንም አልክድም። ዶሮ ማዋጋት ይወዳል፤ አፉ አያርፍም። የእኔን ጥርስ የሠራልኝ ቀን መስታወት ሰጥቶኝ፣ «አሊንግ ቻዮንግ፣ ይህን አድርገሽ ገበያ እንዳትወጪ፤ ባል ይዘሽ ትመለሺና አርሊን እኔን ትጣላኛለች» አለኝ። በዚያ ጥርስ ስንት ዓመት አሳ በላሁ፤ አንድ ቀን ድዴን አላቆሰለኝም።

የታችኛው ትንሽ ላልቶብኝ እሱ ዘንድ በተመላለስኩበት ሰሞን ነው ልጅቷ የመጣችው። ቆንጆ፣ ጨዋ፣ አንገቷን የደፋች። ሆቴል ልትቀጠር እንደሆነ፣ የፊት ጥርሷ ስለሚያሳፍራት የጥርስ ሽቦ እንዲያስርላት፣ ክሊኒክ የሚጠይቋትን ገንዘብ እንደማትችል ነገረችው። እኔ ጥርሷን አየሁት፤ ተሰድሮ የበቀለ በቆሎ ነው። የእሷ ጥርስ ቢኖረኝ ዘበኛ እቀጥርለት ነበር እንጂ ሽቦ አስሬ አላሠቃየውም አልኳት። እሱም ሳቀና ወዲያው ኮስተር አለ።

«ልጄ፣ እኔ ድድ ላይ የሚቀመጥ እንጂ ጥርስ ላይ የሚታሰር አልሠራም። ያንቺ ጥርስ እግዜር የሰጠሽ ነው፤ እኔ የምሠራው እግዜር መልሶ ለወሰደባቸው ነው። ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

በሌላ ቀን አንድ ሳህን ሙሉ ፓንሲት፣ የተጠበሰ ኑድል፣ ይዛ ተመለሰች። ቁጭ ብላ ለመነችው። ሽማግሌው ፓንሲቱን እኔንም ጋብዞ ጥርግ አድርጎ በላና፣ ምሳውን ስለተቀበለ እንዳመሰገናት፣ ሽቦውን ግን እንደማይነካ ነገራት። በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነገሩ አለቀ መስሎኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ግን ማለዳ ነው፤ ገና በሩን ሲከፍት። እኔ ድዴን ስለበላኝ ቀድሜ ተቀምጫለሁ። ልጅቷ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ፈተናው ነገ ነው አለች፤ እናቴ ታማለች አለች። ማንግ ፑሎንግ ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ፣ የተከፈተውን በር አየ። ምን እንዳሰበ አውቃለሁ፤ እዚህ ሰፈር የምንነግድ ሁሉ የምናስበውን ነው። የቀኑ የመጀመሪያ ገበያተኛ ቡዌና ማኖ ናት፤ የቀኑን ዕድል የምትከፍት። እሷን ባዶ እጇን የመለሰ ቀኑን ሙሉ ዝንብ ሲያባርር ይውላል። በልቶ የማያድር ሰው እንኳ በኪሳራ ይሸጥላታል እንጂ አይመልሳትም።

«ቡዌና ማኖ ሆነሽ መጣሽብኝ፤ ምን ላድርግሽ» አለ። ለፈተናው ብቻ አድርጋ የምታወልቀው፣ ጥርሷን የማይነካ ቀጭን ሽቦ እንደሚያጥፍላት፣ ከዚያ በኋላ ዓይኗን እንዳያይ ነገራት። ገንዘቡን ሰጠችው። እሱም እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን ገንዘብ በዕቃው ሁሉ ላይ መታ መታ አደረገው፤ ጠርሙሶቹን፣ መስታወቱን፣ የጥርስ ሣጥኑን። በመጨረሻ የእኔን መዳፍ ዘርግቶ፣ «ላንቺም ይድረስሽ» ብሎ በገንዘቡ ነካ አደረገኝ። እኔም ደስ ብሎኝ መዳፌን ጨበጥኩ።

በዚያ ቅጽበት ሰው ጎርፍ ሆኖ ገባ።

መጀመሪያ የገባው ካሜራው ነው። ፖሊሶቹ ካሜራው ቦታውን እስኪይዝ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌውን ግድግዳ ላይ አጣብቀው ካቴና አደረጉበት። ከዚያ ካሜራ የያዘው ልጅ አንድ ነገር አመለጠኝ አለ መሰለኝ፣ ካቴናውን ፈቱለት፤ ወጡ፤ እንደገና ሮጠው ገቡና እንደገና አሰሩት። የሰው ውርደት ተደግሞ ይቀረጻል? ሠርግ እንኳ አይደገምም!

ገንዘቡ ላይ በዓይን የማይታይ ዱቄት ነስንሰውበት ኖሯል። ሐምራዊ መብራት ሲያበሩ ቤቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ጠርሙሱ፣ መስታወቱ፣ ሣጥኑ። የእኔም መዳፍ እንደ ጧፍ በራ። ፊቱን የተኳለው አቅራቢ ማይክ ደቀነብኝ። «እማማ፣ ገንዘቡን የሚይዙለት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ቡዌና ማኖ እኮ ነው ስለው ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ነበር። ቀጥሎ ልጄ የሚሆን ፖሊስ የላስቲክ ከረጢት አገጬ ሥር ዘርግቶ፣ ጥርሱ ማስረጃ ስለሆነ እንድተፋው አዘዘኝ። ለሐኪም እንኳ ዞር በል ብዬ የማወልቀውን ጥርስ በመብራትና በካሜራ ፊት ተፋሁት። ከረጢቱን አሰረና ቁጥር ጻፈበት።

ሲያወጡኝ መኪናቸው ጎን ቢጫ የዝናብ ልብስ አየሁ። ልብሱን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ብርድ እንዳይመታት ብዬ። አርሊን እኔን ስታይ ደርቃ ቀረች፤ እኔ እዚያ እንደምገኝ አላሰበችም። ከዚያ ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች። ስሟ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ፖሊስ ጣቢያ ቤተሰብ አለሽ ወይ ሲሉኝ ሆንግ ኮንግ ያለች ልጅ ብቻ አልኩ። ሥራዋን እንዳያሳጧት ፈርቼ ነው። እኔ የፈራሁላት ልጅ ግን ለእኔ አልፈራችም።

እኔን በዚያው ቀን ለቀቁኝ። ማንግ ፑሎንግ ግን ሰው በፈረቃ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ ደረሰና ሰፈሩ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ሁለቱ እምቢታዎች የሉም። ፓንሲቱ የለም። ልቅሶውም የለም። ልጅቷ ትገባለች፣ እሱ ገንዘብ ይቀበላል፣ አለቀ። በከበሮ ድምፅ መካከል መዳፌ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ «ተባባሪዋ» ይላል ድምፁ። የእሱን ፊት ከነስሙ አወጡት። የእኔን በጭጋግ ሸፈኑልኝ፤ አበባ ያለበትን ሰማያዊ ቀሚሴን ማን ይሸፍንልኝ? በማግስቱ አሳ ሻጯ መብራት ሲጠፋ እጄን እንዳበድራት ጠየቀችኝ፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እንዳልሰድባት ያለ ጥርስ ስድብ አያምርም።

ማንግ ፑሎንግ የሠራላቸው ሰዎች ጥርሳቸውን አድርገው እየሳቁ ያሙታል። ያ ነው ያንገበገበኝ። በእሱ ጥርስ እሱን ይነክሱታል።

አርሊን ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት የምትመጣው ለመኝታ ብቻ ሆነ። እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ላይ ያዝኳት። እኔ ሉጋው፣ የሩዝ አጥሚት፣ እየጠጣሁ ነው፤ ሌላ ምን እበላለሁ? ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ መዳፌን ሲያበሩት መኪና ውስጥ ሆና እንዳለቀሰች ነገረችኝ። እንባዋን እንድትተወው፣ ከእንባ ጋር ሰሞኑን እንደተጣላሁ ነገርኳት።

«ሎላ፣ አያቴ፣ እርስዎ ያንን ብቻ ነው ያዩት» አለች። «አንዲት ልጅ በእንዲህ ዓይነት ሽቦ አፏ መግል ቋጥሮ ልትሞት ነበር። እናቷ እኔ ላይ ተደፍታ ነው ያለቀሰችው።»

«ታዲያ ያንን ያሰረውን አትይዙም?»

«ጠፋ። አድራሻም የለው።»

«እና እሱ ሲጠፋ ቤቱ የተገኘውን ወሰዳችሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲበላኝ የቆየውን ጠየቅኳት። ሁለት ጊዜ ከሰዓት በኋላ የመጣችን ልጅ በሦስተኛው ማለዳ፣ በር ሲከፈት እንድትመጣ ማን ነገራት? የቀኑን መጀመሪያ እንደማይመልስ የቴሌቪዥን ሰዎች ከየት አወቁ? እነሱ በየሱቃቸው ቡዌና ማኖ የሚሉ አይደሉም።

አርሊን ማንኪያዋን አስቀመጠች። መልሱ ጠረጴዛው ላይ በመካከላችን ተቀመጠ። እሷም እዚህ ሰፈር ነው ያደገችው። ትንሽ ሆና አንድ ሣንቲም ስትይዝ ማለዳ ለቡዌና ማኖ የሚጠራት፣ እጅሽ ዕድለኛ ነው እያለ ከረሜላ የሚመርቅላት ማን ነበር? እሱ ነበር።

ከዚያ ያ የሁለት ቀን እምቢታ ተቀርጾ እንዳለ ነገረችኝ። ቅጂው ቦርሳዋ ውስጥ ባለ ፍላሽ ላይ ነው። አለቃዋ ጊዜ ይወስዳል ብሎ ነው ያስወጣው። ጊዜ ይወስዳል! የሳሙና ማስታወቂያ ጊዜ አገኘ። የእኔ መዳፍ ሦስት ጊዜ ለመብራት ጊዜ አገኘ። የአንድ ሰው «አይሆንም» ግን ጊዜ ይወስዳል።

ጠበቃዋ የነገረችኝን ነገርኳት። ማክሰኞ ጠዋት አቃቤ ሕጉ ነገሩን ይሰማል። እምቢ ብሎ ሳለ ገፋፍተው እንዳስገቡት ከታየ ክሱ ይወድቃል፤ ካልታየ ሽማግሌው እስር ቤት ያረጃል፤ ያውም ለማርጀት ዕድሜ ከተረፈው። የእኔ ቃል አይረዳውም፤ መዳፏ የበራ ሴት ምን ትመሰክራለች?

«ካወጣሁት ያባርሩኛል» አለች። «እሱ ብቻ አይደለም፤ ሌላም ጣቢያ አይቀጥረኝም። ይከሱኝም ይሆናል።»

ያን ጊዜ ወኔዬ ከዳኝ። ተይው ልላት አፌ ድረስ መጣ። ሽማግሌው የእኔ ምኔ ነው? እሷ ናት የእኔ። ብትታሰርስ? ብትራብስ? እናቷ ስትደውል ምን እላታለሁ? ሉጋውን ብድግ አድርጌ አስቀመጥኩት። ግን ከረጢቱ አገጬ ሥር ትዝ አለኝ፤ ሽማግሌውም ካቴናው ተፈትቶ ለሁለተኛ ጊዜ እጁን በገዛ ፈቃዱ ሲዘረጋላቸው።

«አዝዬ ያሻገርኩሽ እግርሽ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነበር» አልኳት።

ሰኞ አለፈ።

ማክሰኞ ማለዳ ውሃው ሞልቶ ደጃፉን ይልሰዋል። እኔ ቀሚሴን ለብሼ፣ ያንኑ ሰማያዊውን፣ ወደ አቃቤ ሕጉ ለመሄድ በር አጠገብ ተቀምጫለሁ። ባይሰሙኝም እቀመጥላቸዋለሁ ብዬ ነው። አርሊን ለባብሳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። ከቤት ስትወጣ እጄን ተቀብላ ለምርቃት ግንባሯ ላይ ማድረግ ልማዷ ነው፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እጄን ነፍጌአት ነበር። አሁንም አልሰጠኋትም። ጎንበስ ብላ ራሷ አነሳችው፤ ያንን የበራውን መዳፍ። ግንባሯ ላይ አድርጋ ቆየች።

ከዚያ ፍላሹ ያለበትን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ባጁን ከነማሰሪያው ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ትታው፣ ውሃው ውስጥ ገብታ ሄደች።