ማነው ግባ ያለው

«ማነው ግባ ያለው?» አሉ አዴ ሊቺ የቀኖን እጅ ጨምድደው ይዘው። «ንገረኝ፣ አልቆጣህም። ልጄን ውትድርና ግባ ያልከው አንተ ነህ?»

ቀኖ ገና ድንኳኑ ውስጥ እግሩን ማስገባቱ ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ አልቅሶ፣ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ሊቀመጥ ነው የመጣው። ከሟቹ ከሂካ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፣ አብረው ተመርቀዋል፣ አብረው ሥራ ፈትተዋል። አሁን መቱ ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ላይ ወደቀ።

«እኔ አይደለሁም፣ ሃርሜ» አለ። እሱም እንደ ሂካ ሃርሜ፣ እናቴ፣ እያለ ነው የሚጠራቸው። «እናቴ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

የሂካ ታናሽ እህት ኢብሴ የንፍሮውን ሳፋ ታቅፋ ድንኳኑ ጥግ ቆማ ነበር። ሳፋውን መሬት አስቀምጣ አጠገቡ ቁጭ አለች። መልሱን የምታውቀው እሷ ናት። ወንድሟን ግባ ያለችው እሷ ናት፤ እንዴት አድርጋ እንዳለችው ግን ለሰው የሚነገር አልመስል ብሏታል።

መርዶው የመጣው የዚያኑ ቀን ጎህ ሲቀድ ነው። የዕድሩ ዳኛ፣ የቀበሌው ሰውና አንድ ጎረቤት ሦስት ሆነው በሩን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ደጅ ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ከተሰማ ወሬው ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? አዴ ሊቺ አልከፈቱም። ከውስጥ ሆነው «ሂዱልኝ፣ ቤት ተሳስታችኋል» አሉ። የከፈተችው ኢብሴ ናት።

ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ክፉ ነው። ሬሳ ካለ ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ሰው ተሸክሞት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ ሐዘኑ የሚሄድበት መንገድ አለው። ሂካ የት እንደወደቀ እንኳ በውል የተናገረ አልነበረም። ስለዚህ ለቀስተኛው የሚያለቅሰው ወንበር ላይ ለቆመ ፎቶ ነው፤ ጋዋን ለብሶ፣ ቆቡ ጋደል ብሎበት፣ ሳቁን እንደ ምንም አፍኖ የተነሳው። የወታደር ልብስ የለበሰበትም ፎቶ ነበረ፣ ኢብሴ ስልክ ላይ። ዘመዶቹ እሱ ይሻላል፣ ክብር ነው ቢሉ አዴ ሊቺ እምቢ አሉ። «ያንን ልጅ እኔ አላውቀውም» አሉ።

አዴ ሊቺ ሲያለቅሱ በኦሮምኛ ነው። ያንን ጥያቄ ግን በኦሮምኛም በአማርኛም ይጠይቃሉ፣ ማንም አልገባኝም ብሎ እንዳያመልጣቸው። ከቡሬ የመጡትን ጠየቁ፣ ቄሱን ጠየቁ፣ ሂካን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ሳይቀር ጠየቁ። ሰዉ መጀመሪያ የሐዘን ነው ብሎ አለፈው። ወደ ማታ ግን ሴቶቹ አንገት ለአንገት እየተጠጉ ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ እውነት ማን ይሆን?

ሂካ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መወሰን የሚባል ነገር ጨርሶ የማይሆንለት ሰው ነበር። ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ ይሁን ማኪያቶ እስኪለይ አስተናጋጇ ሁለቴ ትመላለሳለች። በመጨረሻ «አንቺ ምን ትጠጫለሽ?» ብሎ ኢብሴን ይጠይቅና የሷን ያዛል። ኢብሴም ትስቅበታለች፤ «ሚስትህንም እኔው ልምረጥልህ?» ስትለው «ደስ ይለኛል» ይላል፣ ከልቡ።

በእፅዋት ሳይንስ ተመረቀ። ተመርቆም ሁለት ዓመት ሙሉ ዶክመንቱን በፌስታል ጠቅልሎ ከመቱ ጎሬ፣ ከጎሬ ቡሬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ከረመ። ሁሉም የሥራ ልምድ ይላል። «ሥራውን ሳይሰጡኝ ልምዱን ከየት ላምጣው?» ይል ነበር፤ መጀመሪያ እየሳቀ፣ በኋላ ሳይስቅ። ሰው ሰላም ሲለው «ያዝክ?» ይለዋል፣ ሥራ ያዝክ ወይ ለማለት ነው። ያቺን ቃል ሽሽት ዋናውን መንገድ ትቶ በጓሮ በጓሮ መሄድ ለመደ።

ከዚያ የምልመላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሂካም ሦስት ሳምንት ሙሉ ልግባ ወይስ ልቅር እያለ ሰው መጠየቅ ያዘ። እናቱን ቢጠይቅ «እኔ ሳልሞት አታደርጋትም» ብለው አፉን ዘጉት። ኡካ ድረስ ሄዶ አጎቱን ኦቦ ኢቲቻን ቢጠይቅ «የተማርከው አንተ ነህ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉት። ቀኖ «አንተ ከገባህ እገባለሁ» አለው። የንስሐ አባቱ እንጸልይበት አሉ። ከእናቱ በቀር ሁሉም ጥያቄውን መልሰው ለሱው ሰጡት፤ እሱ ደግሞ ከቤቱ የወጣው ጥያቄውን የሚወስድለት ሰው ፍለጋ ነበር።

ሰኔ ነበር። የመቱን የሰኔ ዝናብ ያልቀመሰ ሰው ይህን ላያምን ይችላል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ካልተጯጯሁ አይደማመጡም። ኢብሴ ሳሎኑን ወልውላ መጨረሷ ነበር። ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። ጠዋት ሂካ በቀይ ጭቃ ጫማው ወለሉን አበላሽቶት ተጨቃጭቀዋል፤ «ሁለተኛ ሳትጠይቅ ትገባና እንተያያለን» ብላዋለች። አሁን ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ መጣና በረንዳው ላይ፣ በሩ አፍ ላይ ቆመ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች። ብዙ ነገር ተናገረ፤ ዝናቡ ሁሉንም ዋጠውና የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ደረሰቻት።

«ልግባ?»

ወለሉን ነው ብላ አሰበች። ሌላ ምን ታስብ? እንዲያውም አንጀቷን በላው፤ ይህ ሁሉ ዝናብ እየወረደበት ለአንድ ወለል ፈቃድ የሚጠይቅ ወንድም።

«ግባ እንጂ» አለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ይህም ይጠየቃል እንዴ?»

ሂካ አያት። ከዚያ «እሺ» አለ። ፊቱ ላይ ሁለት ዓመት የተኮማተረው ሁሉ ሲፍታታ አየች። ግን አልገባም፤ ዞረና በመጣበት ዝናብ ተመልሶ ሄደ። ምን ነካው ይሄ ልጅ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በማግስቱ ተመዘገበ።

ይህ ካለፈ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ኦቦ ኢቲቻ ከኡካ ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ የሚንሾካሾከውን አንድ ሁለት ሰዓት አዳመጡ። ወሬው አንድ ነው፤ ቀኖም ከሂካ ጋር ተመዝግቦ ነበር፣ የመሄጃው ቀን ሲደርስ ሆዴን አለና ቀረ። እውነት ነው፣ ቀርቷል። ኦቦ ኢቲቻ ከተቀመጡበት ተነስተው ሄዱና ፊቱ ቆሙ።

«አንተ ነህ ጎትተህ ያስመዘገብከው። እሱን አሳፍረህ አንተ ተመለስክ። አሁን መጥተህ የኛን ንፍሮ ትበላለህ?»

«ኦቦ ኢቲቻ፣ እኔ...»

«ተነስ ከዚህ።»

ቀኖ ተነሳ። ሰው ሁሉ እያየው ወጣ። ቤቱ ግን አልሄደም፤ ከአስፋልቱ ማዶ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆሞ ለቅሶውን ከዚያ ሆኖ ተካፈለ። ኢብሴ ውኃ ለመቅዳት በወጣች ቁጥር ታየዋለች። አንዴ እጁን አነሳላት፣ በርቺ ለማለት። ያን ጊዜ ጀሪካኗን እንደያዘች ጓሮ ዞራ አለቀሰች። እሱን እያስባረረ ያለው የሷ ዝምታ መሆኑን ታውቃለች። ተናገሪ ይላታል ልቧ። ከዚያ የእናቷ ፊት ይመጣባትና አፏ ይያዛል፤ አባቷ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ሂካም ሄዷል፣ እናቷን ካጣች በዚህ ዓለም የቀራት የለም።

ደግሞ ጉዳዩ የወለሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለላት። በዝናብ መሳሳት ያለ ነው። ሌላ ነገር አለ።

የሄደ ቀን መናኸሪያ ድረስ የሸኘችው እሷ ነበረች። አዴ ሊቺ አኩርፈው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ቀርተዋል። ልጆቹ ተሰልፈው ስም ይጠራል፣ የሚያለቅስ አለ፣ የሚዘፍን አለ። ሂካ አቀፋትና «አንቺ ባትኖሪ እስካሁን በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አላት።

«የምን በር?»

«ያን ቀን ነዋ። ልግባ ብዬ ስጠይቅሽ፣ ይህም ይጠየቃል እንዴ ያልሽኝ። ከስንት ሰው መሃል ቁርጡን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ያኔ ገባት። መኪናው አልተነሳም፣ ሞተሩ እንኳ አልተነሳም፤ የሂካም ስም ገና አልተጠራም። ስለ ወለሉ ነው ያልኩህ፣ ና ወደ ቤታችን እንሂድ ማለት ይቻል ነበር። አፏንም ከፍታ ነበር። ነገር ግን ጓደኞቹ ቆመው ይሰማሉ፣ ይስቁበታል። ፊቱንም እንደዚያ ሰላም ሆኖ ካየችው ስንት ጊዜዋ ነው። ደግሞ፣ ለራሷ አትዋሽም፣ ወንድሟ በሷ ቃል መቆሙ ደስ ብሏታል። ከእናታቸውም ከአጎታቸውም የሷ ቃል መብለጡ ደስ ብሏታል።

«በርታ» አለችው።

ይኸው ነው ያለችው። መኪናው ሄደ።

ሦስተኛው ቀን ሠልስት ነበር። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ የአዴ ሊቺ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ቁርስ ሲቀርብለት እናትና ልጅ ጓዳ ገቡ። ኢብሴ ውኃ ለብ አድርጋ በሳፋ አቀረበችና እግራቸውን ማጠብ ጀመረች። ቀና ብላ ሳታያቸው ነገረቻቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወለሉ፣ ስለ ቃሏ። መናኸሪያ ላይ ስለሆነውም ነገረቻቸው፣ ደስ ብሎኝ ነበር እስከሚለው ድረስ። እጇ የሚያጥበውን እግር አለቀቀም።



«መናኸሪያ ላይ ነው የነገረሽ?» አሉ አዴ ሊቺ።

«አዎ።»

«መኪናው ሳይሄድ?»

«ሳይሄድ።»

እግራቸውን ከሳፋው አወጡ። ፎጣውን ዘረጋችላቸው፤ አልወሰዱትም። በእርጥብ እግራቸው ወለሉን ረግጠው ወደ ድንኳኑ ወጡ።

ከዚያ በኋላ አላዩዋትም። ከጎናቸው ስትቀመጥ ሰውነታቸው ይሸሻል። ያመጣችላቸውን ውኃ ሌላ ሰው ሲሰጣቸው ይጠጣሉ። በጣም ያስፈራት ግን ሌላ ነው፤ ጥያቄው ቆመ። አዲስ ለቀስተኛ ሲመጣ አዴ ሊቺ እጅ ይዘው አይጠይቁም፣ ዝም ብለው ይወዛወዛሉ። ኢብሴ ሁለት ሰው እንደቀበረች አወቀች።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ እህት አዳዳ ዱሬቲ ከጎሬ ደረሱ። ድምፃቸው ድንኳን የሚሞላ ሴት ናቸው። ደረታቸውን ደቅተው፣ አልቅሰው ሲያበቁ ወደ አስፋልቱ ማዶ ጠቆሙ።

«ልጃችንን ያስበላው ያ የቆመው ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«እሱ ነው» አሉ ኦቦ ኢቲቻ። «ነገ ሽማግሌ ፊት አቆመዋለሁ። ቤተሰቡም ከኛ ጋር ዕድር አይቀመጥም። ግባ ያለው እሱ መሆኑን አገር ይወቅ።»

ለቀስተኞቹ አጉረመረሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግ ነው ያለም አለ። ኢብሴ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ ቆመች።

«አዳዳ፣ ቀኖ አይደለም» አለች። «ግባ ያለው...»

«እኔ ነኝ።»

አዴ ሊቺ ናቸው። ከተቀመጡበት አልተነሱም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም።

«ልጄን ግባ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ኦቦ ኢቲቻ የሰሙትን አላመኑም። «ሊቺ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ማነው እያልሽ ስትጠይቂን የከረምሽው አንቺው አይደለሽም እንዴ?»

«ጠፍቶኝ ነበር። አሁን ትዝ አለኝ።» እጃቸውን ወደ ማዶ ዘረጉ። «ያን ልጅ ጥሩልኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

አንድ ሰው ሊጠራው ወጣ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አዳዳ ዱሬቲ ያዩበት ዓይን ዕድሜ ልክ የሚከተል ዓይን ነበር። ኢብሴ እናቷ እግር ሥር በጉልበቷ ወደቀች።

«ሃርሜ፣ አንቺ አይደለሽም። ንገሪያቸው፣ አንቺ...»

አዴ ሊቺ ወደሷ አልዞሩም። ዓይናቸውን ፊት ለፊት እንደተከሉ መዳፋቸውን ልጃቸው አፍ ላይ ጫኑ። ኢብሴ ከመዳፉ ሥር ልትናገር ሞከረች፣ ቀጥሎ ልታለቅስ ሞከረች፤ እጁ ጠበቀ። ቀኖ መጥቶ አልቅሶ እስኪቀመጥ፣ ንፍሮው ዞሮ እስኪመለስ፣ አዴ ሊቺ እጃቸውን ከዚያ አላነሱም።